«እስኪበቃው» ማለት ስንት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ለብረታ ብረት ሠልጣኞች የተናገርኩት ነው። ሲጻፍ እዚህም እዚያም አቃናሁት፤ ከርዕስ የወጣሁባቸውን ቦታዎች ግን እንዳሉ ተውኳቸው።

እንደምን አደራችሁ። ብርዱ እንደምታውቁት ነው። ጋቢ የለበሳችሁ አታውልቁ፤ እኔም ኮቴን አላወልቅም።

የዛሬው ወሬዬ የጠመንጃን ብረት ከእንጨቱ ጋር ስለሚያስሩ ሁለት ብሎን ነው። አዎ፣ ሁለት። «ለሁለት ብሎን ሙሉ ጠዋት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በነሱ የተነሳ ስንት ዓመት እንደተሳሳትኩ ስትሰሙ አንድ ጠዋት አይበዛባችሁም።

ያደግሁት መንዝ ነው። አጎቴ ምንሽር ነበረው። በባና ጠቅልሎ ከአልጋው ራስጌ ያቆመዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጠራኝና «ይቺ ብሎን ላልታለች። አንተ ብረት መነካካት ትወዳለህ፣ እስቲ አጥብቃት» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። «እስከ ምን ድረስ ላጥብቃት ጋሼ?» ስለው «እስኪበቃት ነዋ!» አለ።

የነበረኝ ካቻቪቴ የሬዲዮ መፍቻ ነው። ጫፉ ቀጭን፣ አፉ የተበላ። ገፋሁት፣ ብሎኗ እምቢ አለች። ጉልበት ጨመርኩ። ካቻቪቴው ሾለከና አናቷን ላጣት፤ እግረ መንገዱንም እንጨቱን ቧጠጠው። አጎቴ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ አየና ከትልቋ ብሎን ጎን የተቀመጠች፣ የምስር ፍሬ የምታህል ሌላ ብሎን በጥፍሩ አሳየኝ። «ትንሿን ሳታስፈቅድ ትልቋን ታዛለህ እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ምንሽር ላይ ዋናዎቹ ብሎኖች በራሳቸው ዞረው እንዳይላሉ በየጎናቸው ትንሽ ጠባቂ ብሎን አለች። መጀመሪያ ትንሿ ትወጣለች፣ ከዚያ ትልቋ ትፈታለች። ምንሽርን የነደፉት ሰዎች ብሎን እንደሚላላ ከመቶ ዓመት በፊት አውቀዋል ማለት ነው። እንጨትም እንደሚጨመቅ ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው የኋለኛው ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ የብረት ቱቦ ያስገቡት። ቱቦውን አትርሱት፣ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ብረት መላጊያው ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ። ስንቱን ብሎን አጠበቅሁ! ታዲያ አንድም ቀን «እስኪበቃው» ስንት እንደሆነ አልጠየቅሁም። የእጄ አንጓ ያውቃል ብዬ አምን ነበር። ያስጠየቀኝ የአክስቴ ልጅ ነው።

ልጁ አሜሪካ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ይተኩሳል። ያለችው ባለ ሃያ ሁለት የምንላት ትንሽዬ ጠመንጃ ናት። የጥይቷ እርሳስ 2.6 ግራም ገደማ ነው፣ ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር። የሚያቀጣጥለው ባሩድ እንደ ክላሽ ጥይት ከቀለሃው ቂጥ መሐል አይደለም፤ በጠርዙ ዙሪያ ውስጥ ነው የተደበቀው። መርፌው ጠርዙን ሲመታው ይነሳል። ይህ ዓይነት ጥይት ዛሬ ባለው መልኩ በፈረንጆቹ 1887 የወጣ ነው፤ እስካሁንም የብዙ ኢላማ ስፖርተኛ ጥይት እሱ ነው። በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚተኩሱትን በቴሌቪዥን አይታችሁ ከሆነ፣ ከ1978 ጀምሮ እነሱም የሚተኩሱት በዚሁ ነው። በ50 ሜትር የኦሎምፒክ ኢላማ ላይ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። የትንሿን ጣታችሁን ጥፍር አስቡት። ከ50 ሜትር ላይ ያንን ነው የሚመቱት።

ወደ ብሎኑ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሰው መሣሪያ ይዞ ወደ ወርክሾፓችሁ ቢመጣ ሕግ እንዳለ እወቁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012ን አንብቡት። ፈቃድ ሳታዩ እጃችሁን አትዘርጉ። እኔም ዛሬ ጠመንጃ ይዤ አልመጣሁም። ይዤ የመጣሁት የጽድ ጉማጅ፣ አንድ ወፍራም ላሜራ፣ ብሎንና ሃይላንድ ነው። ለትምህርቱ ይበቃል።

እና ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጥይቱ ይበታተንብኛል። አምስቱን አንድ ቦታ እመታለሁ፣ ስድስተኛው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሰባተኛው ወደ ጎን።» ጥይት ቀይሯል። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ቀይሯል። ብዙ ዶላር አፍስሷል። እኔ ስለ ኢላማ ምን አውቃለሁ? ግን የሚንቀጠቀጥ ብረት አውቃለሁ። ቶርኖ ላይ ብረቱ በደንብ ካልተነከሰ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቢላው ይዘላል፣ የተላገው ገጽ ይሸካክራል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። «ሁለት ብሎን፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ» አለኝ። «መቼ ነካሃቸው?» «ኧረ ነክቻቸው አላውቅም።»

የክራር መቃኛ ሲላላ ምን ይሆናል? ጣት ያው ነው፣ አውታሩም ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ጠመንጃም ሲተኮስ አፈሙዙ እንደ አውታር ይርገበገባል። የሃያ ሁለት ጥይት ዘገምተኛ ነው፤ ከትልልቆቹ ይልቅ አፈሙዙ ውስጥ ረዘም ይቆያል። መርገብገቡ እያንዳንዱ ተኩስ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥይቱ አንድ ቦታ ይሄዳል። ብሎኑ ከላላ ብረቱ በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ በሌላ መልክ ይቀመጣል። ያኔ እያንዳንዱ ጥይት በሌላ ቅኝት ነው የሚወጣው።

በቪዲዮ እያየሁት ጀመርን። ካዝናውን አወጣ፣ መዝጊያውን ስቦ ክፍሉን በዓይኑ አየ፣ በጣቱም ዳሰሰ። ደግመህ እይ አልኩት፣ ደግሞ አየ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።

ከዚያ ቀላል ሙከራ አደረግን። ጠመንጃውን በሰደፉ አቆመው። የአንድ እጁን ጣት አፈሙዙና የእንጨቱ ጫፍ በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ፣ ግማሹን ብረት ላይ ግማሹን እንጨት ላይ አሳረፈ። በሌላ እጁ የፊቱን ብሎን ቀስ እያለ አላላ፣ መልሶ አጠበቀ። ብረቱ በእንጨቱ ላይ ደልደል ብሎ ተቀምጦ ከሆነ ጣት ምንም አይሰማትም። ሲላላና ሲጠብቅ አፈሙዙ ከፍ ዝቅ ካለ ግን ብሎኑ ብረቱን እያጎበጠው ነው ማለት ነው፤ ከሥሩ ጎዶሎ አለ። የልጁ ጠመንጃ ያሳየው ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው። ጣቱ ምንም አልተሰማትም፤ ብሎኑ ግን ቀልሎት ሲዞር ቆይቶ ድንገት ግትር ይላል። «ጠብቋል ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አይሄድም» ይላል። እንጨቱን በእጁ ሲያወዛውዘው ግን ይንቀሳቀሳል!

እስቲ ንገሩኝ፣ ብሎን ጠብቆ እንጨት እንዴት ይላላል?

ከኋላ ያልከው ልክ ነህ። ብሎኑ ረዝሟል። ቀዳዳው መጨረሻ ያለው ደፍን ነው። የብሎኑ ጫፍ ከቀዳዳው መጨረሻ ጋር ይጋጭና አናቱ እንጨቱን ሳይጨብጠው ይቆማል። እጅ «ጠበቀ» ይላል፤ የጠበቀው ግን ብሎኑ ከቀዳዳው መጨረሻ ጋር ነው። ጠመንጃውን የሸጠለት ሰው የድሮውን ብሎን አውልቆ ያገኘውን ሌላ አስገብቶበታል።

እንዲህ አጣራነው። ብረቱን ከእንጨቱ ሙሉ በሙሉ ለየው። ብሎኑን ብቻውን በጣቱ እስከ መጨረሻው አስገባው። ከአናቱ ሥር እስከ ብረቱ ድረስ በካሊፐር ሲለካ 24 ሚሊ ሜትር። ከዚያ እንጨቱንና የቃታ መከለያውን ደራርቦ ብሎኑ በሚያልፍበት ቦታ ለካ፤ 23.5። በቃ! ግማሽ ሚሊ። ሁሉም ዶላር የሄደው ለግማሽ ሚሊ ነው። የኋለኛው ብሎን ሲረዝም ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ጠመንጃ ላይ ወደ ውስጥ አልፎ መዝጊያውን ይነካል ወይም የቃታውን ሥራ ያውካል። አዲስ ብሎን ስትገጥሙ መዝጊያውን እየሳባችሁ እየመለሳችሁ አረጋግጡ።

ልጁ ወዲያው ዕቃ መሸጫ ሊሮጥ ተነሳ። «ባለ 6 ሚሊ ብሎን ላምጣ።» ቁጭ በል አልኩት። የሱ ጠመንጃ ጥርስ በኢንች ነው፤ ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 28 ጥርስ። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። ጥርሱና ጥርሱ መካከል 0.9 ሚሊ ገደማ ይሆናል። የተለመደው ባለ 6 ደግሞ ቀጭን ነው፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ። ሲጀምር ይገባል፤ እንዲያውም «ለስላሳ ነው» ብሎ ያታልላል። ሁለት ሦስት ዙር ይሄድና ይጨነቃል። ያን ጊዜ በመፍቻ የገፋችሁት እንደሆነ የምትበሉት የብሎኑን ጥርስ አይደለም፣ የጠመንጃውን ነው። ብሎን ይገዛል፤ የጠመንጃው አካል አይገዛም። ስለዚህ ሕጉ ይሄ ነው፦ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ያልገባ ብሎን፣ መፍቻ አይነካውም።

ትክክለኛው እስኪመጣለት ያለውን እንዲያሳጥር አደረግሁት። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ግን የሚረሳ አይጠፋም። መጀመሪያ ዳዶ አስገቡበት። ከዚያ ሞርሳ ላይ ጥርሱን በመዳብ ወይም በእንጨት ጠብቃችሁ አንድ ሚሊ ተኩል በሊማ አውርዱ። ጠርዙን ዙሪያውን ሰበር አድርጉት። በመጨረሻ ዳዶውን ስታወጡት ጫፍ ላይ የተጣመመውን ጥርስ ራሱ እያቃና ይወጣል። አዲሱን ስታዝዙ ግን ባለ አንድ መስመር አናት ያለውን ትታችሁ በአለን፣ በባለ ስድስት ጎኑ መፍቻ፣ የሚፈታውን ውሰዱ። እኔ የአጎቴን ብሎን የላጥኩት አናቱ ባለ አንድ መስመር ስለሆነ ነው። «መልኩ እንዳይበላሽ የድሮውን እፈልጋለሁ» የሚል ባለቤት ቢመጣ ደግሞ ካቻቪቴውን ከመስመሩ ጋር ሞርዱት፤ ስፋቱም ውፍረቱም ልክክ ይበል፣ ጎንና ጎኑ ትይዩ ይሁን። እንደ ሽብልቅ የሾለ ካቻቪቴ በዞረ ቁጥር ራሱን ወደ ውጭ ይገፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስንት ይጥበቅ?

ብሎን ስናጠብቅ የምንፈልገው መዞሩን አይደለም። የምንፈልገው መጨበጡን ነው። ብሎን በጣም ጠንካራ ላስቲክ ነው በሉት፤ ሲጠብቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ይጨብጣል። ችግሩ፣ በመፍቻ ከምናወጣው ጉልበት ከመቶ ዘጠና ያህሉ በመፋተግ ያልቃል፤ ግማሽ ያህሉ አናቱ ሥር፣ ቀሪው ጥርሱ ላይ። ለመጨበጥ የሚተርፈው አሥር እጅ ገደማ ነው። እንግዲህ ጥርሱን ዘይት ብትቀቡት መፋተጉ ይቀንሳል። በዚያው ጉልበት የበለጠ ይጨብጣል። ዛሬ ደረቅ፣ ነገ ዘይት፣ ከነገ ወዲያ ግራሶ ካደረጋችሁ መፍቻው አንድ ቁጥር እያሳያችሁ ጭብጡ ሦስት ዓይነት ይሆናል። ጠርጉት፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ሁልጊዜም እንዲያው።

በዚያ ላይ እንጨት አለ። እንጨት ብረት አይደለም፣ ይተነፍሳል። የቤታችሁ በር ክረምት ላይ አልዘጋ ብሎ በጋ ላይ ይንኳኳ የለም? የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ እናቶቻችን ውሃ ውስጥ ይነክሩት የለም? የጠመንጃም እንጨት ያው ነው። እዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። የጣርማ በርን ጉም አልፋችሁ በዋሻው ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ አየሩ ሌላ ነው። አንድ ጠመንጃ እዚህ ክረምቱን ከርሞ ቆላ ወርዶ ወር ቢቀመጥ እንጨቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ብሎኑ ማንም ሳይነካው ይላላል። በአንድ ቀን አይደለም፤ በሳምንታት ነው። የልጁም ኮሎራዶ ደረቅ ሀገር ነው።

እንግዲህ «ላላ» የሚል ሰው ምን ያደርጋል? ያጠብቃል። በጣም ያጠብቃል። እንጨቱ ይጨመቅና ቃጫው ይሰበራል። ተመልሶ አይነሳም። በሚቀጥለው ወር እንደገና ይላላል፣ እንደገና ያጠብቃል። እያለ እያለ ብሎኑ ወደ እንጨቱ ይሰምጣል፣ አንዳንዴም እንጨቱ ይሰነጠቃል። ያ የምንሽሩ ቱቦ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ቱቦ ካለ፣ ብሎኑ የሚጨብጠው ብረትን ከብረት ጋር ነው፤ እንጨቱ ከመጨመቅ ይተርፋል። ርካሽ የሆኑት ሃያ ሁለቶች ብዙዎቹ ይህ ቱቦ የላቸውም። አጎቴ ከአልጋው ራስጌ ያቆመው ነገር ከነሱ ይሻል ነበር።

ቁጥሩ ታዲያ? መጀመሪያ የፋብሪካው መመሪያ የሚለው ይከበራል። መመሪያ ከሌለና ቱቦ የሌለው እንጨት ከሆነ ከ1.7 እስከ 2.3 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ መጀመር የተለመደ ነው፤ ኒውተን ሜትር የመጠምዘዣ ጉልበት መለኪያ ነው። ቱቦ ያለው ከዚያ በላይ ይችላል። ሦስት ብሎን ያለው ካጋጠማችሁ የመሐለኛው መንካት ብቻ ነው ሥራው፤ እሱን ካጠበቃችሁት ብረቱን እንደ ቀስት ታጎብጡታላችሁ።

ለልጁ ቶርክ መፍቻ፣ ጉልበቱን የሚለካውን መፍቻ፣ ግዛ አልኩት፣ ገዛ። እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን ትንሹ በቀላሉ አይገኝም። ትልቁ የመኪናው ደግሞ 2 ኒውተን ሜትርን ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ ሃይላንድ አመጣሁላችሁ። እዩት። ሃይላንዱን ከነውሃው ሚዛን ላይ 1 ኪሎ አደረግሁት። አንድ ኪሎ ወደ ታች የሚስበው 9.8 ኒውተን ነው። አለኑን ቱቦ አስረዝሜ ከብሎኑ መሐል 20 ሳንቲ ሜትር ላይ በሲባጎ አንጠለጥለዋለሁ። 9.8 በ0.2 ስንት ነው? 1.96። ለኛ ሥራ ሁለት ነው። ጉማጁን ሞርሳ ላይ በጎኑ አስተኙት፤ ብሎኑ አግድም ይተኛ። ክንዱም አግድም ይሁን። ሃይላንዱን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፤ አትጣሉት። ክንዱ ወደ ታች ከወረደ አለኑን አውጥታችሁ እንደገና ወደ አግድም መልሱ። ሃይላንዱ ተንጠልጥሎ ክንዱ አግድም ላይ ዝም ሲል፣ ያ 2 ኒውተን ሜትር ነው።

ቅደም ተከተሉም አለ። ጠመንጃው መጀመሪያ በሰደፉ ይቆማል፤ ብረቱ በክብደቱ ወደ ኋላ ይደላደል። ሁለቱም ብሎኖች በጣት ይገባሉ። ከዚያ ጥቂት ከፊት፣ ጥቂት ከኋላ፣ እያፈራረቁ። መጨረሻው ብቻ ነው በልኬት የሚሆነው። ሲያልቅ ከብሎኑ አናት ወደ መከለያው የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም አስምሩ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ ትነቃላችሁ። ልጁ የሚስቱን ቀይ ጥፍር ቀለም ነው የተጠቀመው፤ ምን እንዳለችው አልነገረኝም።

አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ሎክታይት ብናደርግበትስ?» ሲል ጠየቀኝ። ብሎን እንዳይዞር የሚያጣብቀውን ሙጫ ማለቱ ነው። ለዚህ አይደረግም ባይ ነኝ። ቀዩን የሚያደርግማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ በእሳት ነው፤ ከእንጨት አጠገብ እሳት ማንደድ ደግሞ አይታየኝም። እንጨቱ ሲኮማተር ሎክታይት ምንም አያደርግም። ብሎኑን ከመዞር ያግደዋል እንጂ የጠፋውን ጭብጥ አይመልስም።

ከዚህ በኋላ አምስት ሠልጣኞች ወደ ፊት እንዲወጡ ጠየቅሁ። በየተራ ያንኑ ብሎን በአለን «እስኪበቃው» ያጠብቁ፣ ከዚያ ባዶ ሃይላንድ አንጠልጥለን ውሃ እየጨመርን የሚነቃነቅበትን እንይ። የመጀመሪያው፣ ግዙፉ ልጅ ያጠበቀው፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ አልፎ ተነቃነቀ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። የሦስተኛው ሊትሩን ሊሞላ ሲል። የመጨረሻዋ ቀጭን ልጅ ነበረች። ሃይላንዱ ሞላ፣ ዝም። ሁለተኛ ሃይላንድ አንጠለጠልን፣ እሱም ተጋምሶ ነው የተነቃነቀው። ብሎኑን ሳወጣው አናቱ በጽዱ ላይ ክብ ምልክት ጥሎ ነበር። «እንዲህ ማጥበቅ የት ተማርሽ?» ብላት «ቤታችን ወፍጮ አለ፤ የላላ ነገር አባቴ አይወድም» አለች።

ሄዳ ሳትቀመጥ ተመለሰች። «ጋሼ፣ ቱቦው ራሱ አይመዝንም እንዴ?» አለችኝ።

አልመዘንኩትም ነበር። ሚዛን አስመጣንና ስናስቀምጠው 180 ግራም ሆነ። ክብደቱ መሐሉ ላይ ነው፣ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር ላይ፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ እንደ 90 ግራም ይቆጠራል። ክዳኑን ከፍቼ 90 ሚሊ ሊትር ውሃ መሬት ላይ ደፋሁ።